«የቆርቆሮ ጩኸት» የተባለው የኮምፒውተር ድምፅ

የከዚራው፦ አቦ ተናድጃለሁ። ትናንት ማታ እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ወንድማችን «የድሮ ኮምፒውተር ሲነሳ የሚያሰማው የቆርቆሮ ጩኸት እንኳንም ጠፋ፤ የትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ከነጩኸታቸው ይሸጡ» ብሎ ጻፈ። መሸጣቸው ሌላ ጉዳይ ነው። «የቆርቆሮ ጩኸት» የምትለዋን ግን አላልፋትም። እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። መብራት ሲሄድ ወጥተን ዛፍ ጥላ ስር እንቆማለን። ሲመጣ አስተማሪያችን አንድ በአንድ ያበራቸዋል። የአንዱ ሙዚቃ ሳያልቅ የሌላው ይቀጥላል። ግቡ የሚለን ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ሰምተን ነበር የምንሮጠው።

የሳቢያን ልጅ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። የናፈቀህ ልጅነትህ ነው እንጂ ድምፁ አይደለም። እኔ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ ነበር የምከፍለው። ኮምፒውተሩ ተንቀራፎ ተነስቶ፣ ሙዚቃውን ጨርሶ፣ ኔትወርኩ እስኪገባ ሳንቲሜ ያልቃል። ለእኔ ያ ድምፅ «ሂሳብህ መቁጠር ጀመረ» ማለት ነበር።

ጠጋኙ፦ ሁለት ነገር እያቀላቀላችሁ ነው። ዊንዶውስ፣ ማለት ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ሳይነሳ «ጢጥ» የምትለዋ ከማዘርቦርዱ፣ ከውስጥ ካለው ዋና ሰሌዳ ነው የምትመጣው። ስፒከር ባይሰካም ትሰማለች። ሙዚቃው ግን የዊንዶውስ ነው። አንድ አጭር ጢጥ ካለ ደህና ነው። እያስረዘመ ደጋግሞ ከጮኸ ብዙ ጊዜ ራሙ፣ ማለት ጊዜያዊ ማስታወሻው ነው፤ ነቅለህ ጫፉን በላጲስ ጠርገህ ትመልሰዋለህ። ታይዋን ገበያ አጠገብ ስሠራ ስክሪን ሳላይ በጆሮዬ ነበር የማውቀው። አሁን የሚመጣልኝ ላፕቶፕ ዝም ይላል። ሞቷል? ተኝቷል? እስክፈታው አላውቅም። ስለዚህ ጩኸት አትበለው፣ ቋንቋ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ ለጠጋኝ ቋንቋ ይሁን። ለተጠቃሚ ጩኸት ነው።

የለገሃሬዋ፦ «ቆርቆሮ» ያልከውን እኮ ትልቅ ሙዚቀኛ ነው የሠራው። የዊንዶውስ 95ን ድምፅ ያቀናበረው ብራያን ኢኖ ነው። እንደ ዘር ጥቃቅን የሆኑ 84 ሙከራዎች ሠርቶ ነው አንዷ የተመረጠችው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች ጋር መዝግቧታል። ስድስት ሰከንድ ገደማ የምትሆን ድምፅ!

የሳቢያን ልጅ፦ አሜሪካ ስለመዘገበው የኔ ጆሮ ይወደዋል? ደግሞ ሰውዬው ራሱ በማክ፣ በአፕል ኮምፒውተር ነው የሠራሁት ብሏል። ዊንዶውስ ላይ እንኳን አልተሠራም።

የለገሃሬዋ፦ ጀበናው ሌላ ሰፈር ስለተሠራ ቡናው ቡና አይደለም?

የከዚራው፦ 95ን ተዉት እስቲ። እኛ ሰፈር ያደግነው በዊንዶውስ ኤክስፒ ድምፅ ነው፣ በፈረንጅ በ2001 በወጣው። እሱን የሠራው ቢል ብራውን ነው። የሁለቱን ልዩነት የማያውቅ ሰው ስለ ናፍቆት ባያወራ ይሻላል።

የለገሃሬዋ፦ ማን ነው የማያውቀው? እኔ በ95ም በኤክስፒም ተምሬያለሁ። አንተ ሳትወለድ ይሆናል።

የከዚራው፦ ዕድሜ አይቆጠር አቦ፣ ወደ ነገሩ።

እናት ነኝ፦ እኔ በሳቢያን ልጅ በኩል ነኝ። ሕፃን አስተኝቼ፣ ሌሊት ሥራ ልጨርስ ላፕቶፕ ስከፍት ያ ሙዚቃ ሲለቀቅ ልጄ ብድግ ትላለች። ድጋሚ ለማስተኛት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ናፍቆታችሁን አከብራለሁ፤ ግን ሌላውም ቤት ውስጥ ሰው አለ።

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ ሴቲንግ ውስጥ ይጠፋል፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አሳይሻለሁ። ግን «እንኳንም ጠፋ» የሚለውም ልክ አይደለም። ዊንዶውስ 8 በፈረንጅ በ2012 ሲመጣ ድምፁን ዝም አሰኘው። በ2021 ዊንዶውስ 11 መለሰው። አፕልም በ2016 ከአዳዲስ ላፕቶፖቹ ላይ አንስቶት በ2020 መልሶታል። ሰው ባይፈልገው ለምን ይመልሱታል?

የሳቢያን ልጅ፦ ለገበያ።

የድሮው ምድር ባቡር፦ ልጆቼ፣ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም። ግን ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ባቡር መጥቶ ነው፣ በ1902 በፈረንጅ። ፊሽካው ሲሰማ ሰው ሥራውን ትቶ ወደ ጣቢያው ይወርድ ነበር። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ እኔ ቤት ድረስ አይሰማም። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ጆሮዬ ዛሬም ይጠብቃል። ያም ቆርቆሮ ነበር፣ ልጄ።

የሳቢያን ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ባቡር ብረት ነው፣ ቆርቆሮ አይደለም። ደግሞ ባቡር ለድሬ እንጀራ ነበር።

ጠጋኙ፦ ኮምፒውተርም ለእኔ እንጀራ ነው። በዚያች ጢጥ ነው ሁለት ልጅ ያሳደግኩት። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ከመሸጣቸው በፊት የሚነሱትን አስነሳለሁ። ድምፃቸውንም እቀርጻለሁ።

የሳቢያን ልጅ፦ ቅረጽ። እዚህ ግሩፕ ላይ ግን አትልቀቅብን።

ጠጋኙ፦ እለቀዋለሁ።

የከዚራው፦ ስንት ሰዓት ነው? እመጣለሁ። ስፒከር እኔ ይዤ እመጣለሁ።

እናት ነኝ፦ ማታ ብቻ እንዳይሆን።