ለተጨመቁ ቴክስቸሮች የሚሻለው የትኛው ፋይል ነው፤ ዲዲኤስ ወይስ ኬቲኤክስ2?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድሮይድ ስልክና በብራውዘር የሚሠራ የስሪዲ ጌም እያዘጋጀሁ ነው። ቴክስቸሮቹ (የስሪዲ ቅርጾቹን ገጽ የሚሸፍኑት ምስሎች) ሁሉ በፒኤንጂ የተቀመጡ ሲሆን ፋይሎቹ ትንንሽ ቢሆኑም ጌሙ ሲከፈት የስልኩ ሜሞሪ ሞልቶ ይዘጋል። ፋይሎቹ ተጨምቀው ሳለ ይህ ለምን ይሆናል? ወደ ዲዲኤስ ልቀይራቸው ወይስ ወደ ኬቲኤክስ2?

መልስ፦
ፒኤንጂ ተጨምቆ የሚቆየው ፋይል ሆኖ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ጂፒዩ (ምስል የሚሠራው የመሣሪያው ክፍል) ከምስሉ የትኛውንም ፒክስል በፈለገው ቅጽበት ማግኘት አለበት፤ በፒኤንጂ ውስጥ ግን አንዱን ፒክስል ለማንበብ ከእሱ በፊት ያሉትን መፍታት ስለሚያስፈልግ ምስሉ ሜሞሪ ውስጥ የሚገባው ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ነው። ስለዚህ 2048 በ2048 የሆነ ባለ አራት ቻናል ምስል (ለእያንዳንዱ ፒክስል አራት ባይት)፣ ፋይሉ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ 16 ሜጋባይት ይይዛል፤ ሚፕማፕ (ከርቀት ሲታይ የሚያገለግሉ የምስሉ ትንንሽ ቅጂዎች) ሲኖረው ደግሞ ሲሶ ያህል ይጨምራል።

ቢሲ7፣ ኢቲሲ2 እና ኤኤስቲሲ የተባሉት የመጭመቂያ ዘዴዎች የተሠሩት ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። ምስሉን በብሎክ ከፋፍለው እያንዳንዱን ብሎክ እኩል ቦታ ስለሚሰጡት ጂፒዩው የሚፈልገውን ብሎክ አድራሻ አስልቶ እንደተጨመቀ ያነበዋል። ቢሲ7 ለ16 ፒክስሎች 16 ባይት ስለሚጠቀም ከላይ የጠቀስሁት ምስል 4 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል።

ዲዲኤስና ኬቲኤክስ2 እነዚህን የሚይዙ ፋይሎች እንጂ ራሳቸው የመጭመቂያ ዘዴዎች አይደሉም። ዲዲኤስ ማይክሮሶፍት ለዳይሬክትኤክስ ያዘጋጀው ሲሆን በውስጡ የተለመዱት የቢሲ ዓይነቶች በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ አይሠሩም። ለኮምፒውተር ብቻ ለሚሠራ ሰው በቂ ነው፤ ለእርስዎ ግን አልመክረውም።

ሌላ መልስ፦
እኔም በዚህ እስማማለሁ። የግራፊክስ ደረጃዎችን የሚያወጣው የኩባንያዎች ኅብረት ክሮኖስ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ኬቲኤክስ2 ቤዚስ ዩኒቨርሳል በተባለው ዘዴ የተጨመቀ ምስል መያዝ ስለሚችል፣ ያው አንድ ፋይል ሲከፈት በስልክ ላይ ወደ ኤኤስቲሲ ወይም ወደ ኢቲሲ2፣ በኮምፒውተር ላይ ደግሞ ወደ ቢሲ7 ይለወጣል። ለየመሣሪያው የተለየ ፋይል ማዘጋጀት አያስፈልግዎትም። ከቤዚስ ዩኒቨርሳል ዓይነቶች መካከል ለተራ የቀለም ቴክስቸር ፋይሉን በጣም የሚያሳንሰውን ኢቲሲ1ኤስን ይምረጡ። ኖርማል ማፕን (ብርሃን በገጹ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚወስነውን ምስል) ግን እባክዎ በሌላው ዓይነት፣ በዩኤኤስቲሲ ያስቀምጡ፤ በኢቲሲ1ኤስ ከተጨመቀ ብርሃን ሲያርፍበት የብሎኮቹ ጠርዝ ጎልቶ ይታያል።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ከለወጥኋቸው በኋላ ፒኤንጂዎቹን ልሰርዛቸው?

መልስ፦
አይሰርዟቸው። ብሎኮቹ ሲጨመቁ የጠፋው ዝርዝር ተመልሶ ስለማይገኝ፣ ወደፊት ሌላ ዘዴ ወይም ሌላ የጥራት ደረጃ ሲፈልጉ ከዋናው ፒኤንጂ መነሳት ይኖርብዎታል። ከጌሙ ጋር የሚላከው ግን ኬቲኤክስ2ው ብቻ ይሁን።