በልምምድ በረራ የሞተ አየር ኃይል አባል በውጊያ ከወደቀው እኩል ይታወስ?

ጥያቄው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ በልምምድ በረራ ላይ ሳሉ የሞቱ የአየር ኃይል አባላት ስም፣ በውጊያ ከወደቁት ጋር ሳይለይ በአንድ ሐውልት ላይ ይቀረጽ?

ተቃዋሚ፦ ለሟቾቹ ያለኝ አክብሮት ሙሉ ነው። ሆኖም ጠላትን ገጥሞ መውደቅና በአደጋ መሞት አንድ ስላልሆኑ፣ ሁለቱን የሚቀላቅል ሐውልት ታሪክን ያደበዝዛል ባይ ነኝ።

ደጋፊ፦ የእርስዎ ሐሳብ ልምምዱን ከጦርነቱ ውጭ ያደርገዋል፤ የምንለያየውም እዚህ ላይ ነው። በብሪታንያ ቦምብ ጣይ ዕዝ ካገለገሉት 125 ሺህ ገደማ በራሪዎች 55,573 ሲሞቱ፣ ከእነዚህ ከ8 ሺህ የሚበልጡት ያለቁት በአደጋ ነው። ለማሠልጠኛ ከተመደቡት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ በግንባር አገልግለው ያረጁ ነበሩ። ወጣቶቹም የአየር ድብደባ ተፈርቶ መብራት በጠፋበት አገር ላይ፣ በጨለማና በደመና ውስጥ፣ ያሉበትን ቦታ ከፍጥነት፣ ከአቅጣጫና ከሰዓት እያሰሉ መብረር ነበረባቸው፤ የነፋሱን ግፊት በጥቂቱ የሳተ ስሌት ከዌልስ ወይም ከስኮትላንድ ተራራ ጋር ያላትማቸው ነበር። ጦርነቱ ባያጣድፍ ኖሮ እንዲህ ያለውን ሥልጠና ማን ይፈቅደው ነበር?

ወጣቱ ገጣሚ ጆን ጊሌስፒ ማጊ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1941 በሊንከንሽር ሰማይ ላይ ደመናውን ሰንጥቆ ሲወርድ፣ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላኑ ከአንድ ኦክስፎርድ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሞተ። የኦክስፎርዱ አብራሪም አልተረፈም። ሁለቱም የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። ማጊን ግጥሙ በዓለም አስጠራው፤ ግጥም ያልተወውን ያንን ልጅ ግን፣ ስሙ በድንጋይ ላይ ካልተቀረጸ፣ ከዘመዶቹ ሌላ ማን ያነሣዋል?

ተቃዋሚ፦ ስሙ አይቀረጽ አላልኩም። ከስሙ ጎን «በልምምድ» የሚል ይጨመርበት ነው የምለው፤ እውነቱን መጻፍ ሟቹን አያዋርድም።

ደጋፊ፦ እውነቱ መጻፉን እደግፋለሁ፤ ቦታው ግን መዝገቡ ነው። የኮመንዌልዝ የጦርነት መቃብሮች ኮሚሽን ከሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1947 ድረስ በውትድርና አገልግሎት ላይ ሳሉ ያረፉትን፣ አሟሟታቸውን ሳይለይ ያስታውሳል፤ በመቃብሩ ድንጋይ ላይም ማዕረግን፣ ስምን፣ የጦር ክፍልንና የሞተበትን ቀን እንጂ የሞቱን ምክንያት አይጽፍም። ሐውልቱም በዚሁ ሥርዓት ቢሠራ፣ አሟሟቱን ማወቅ የሚሻ መዝገቡን ያገላብጣል፤ የሟቹ እናትም የልጇን ስም በሁለተኛ ደረጃ ተጽፎ አታነብም።