የማይክሮካቪቲ የጋራ ፕሮፖዛል፦ ናሙናችን ምን ይሁን?

አስተባባሪ፦
ሰላም ባልደረቦች። እስከ ዓርብ የሥራ ዕቅዱን ክፍል መዝጋት አለብን። በማይክሮካቪቲው ውስጥ፣ ማለትም ብርሃንን በሚያጠምዱት ሁለት መስታወቶች መካከል፣ ለሚገባው ናሙና ሁለት ሐሳብ ቀርቧል፦ ጋሊየም አርሴናይድ የተባለው ሰሚኮንዳክተርና ኦርጋኒክ ቀለም። አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልን።

የኦፕቲክስ ቡድን አባል፦
እኔ ከቀለሙ ጋር ነኝ። ዋይስቡሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ጃፓን ውስጥ በሰሚኮንዳክተር ማይክሮካቪቲ ጠንካራውን የብርሃንና የቁስ ትስስር ካሳዩ ወዲህ የብዙዎቻችን ልብ ጋሊየም አርሴናይድ ላይ ነው። ነገር ግን የዚህ ቁስ ኤክሳይቶን (ብርሃን ሲውጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሮንና የሆል ጥንድ) በኳንተም ዌል፣ ማለትም በጣም ስስ በሆነ ንብርብር፣ ውስጥም ሆኖ የተያያዘበት ጉልበት 10 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ገደማ ነው፤ የክፍሉ ሙቀት ብቻውን 25 ያህል ስላለው ጥንዱን ይበትነዋል። ንጹሕ ልኬት ከፈለግን ክራዮስታት (ናሙናውን እጅግ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) የግድ ነው። ፈሳሽ ሂሊየሙን በየጊዜው ማን ይገዛልናል? ሊድዚና ባልደረቦቹ ግን በ1998 በኦርጋኒክ ሰሚኮንዳክተር፣ ያውም በክፍል ሙቀት፣ 160 ሚሊኤሌክትሮንቮልት የራቢ ክፍተት (ትስስሩ በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚፈጥረው የጉልበት ርቀት) አግኝተዋል።

ተማሪዎቻችን ናሙናውን በገዛ እጃቸው ሠርተው እንዲለኩ እፈልጋለሁ። 590 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን የሚውጠውን ቲዲቢሲ የተባለ ኦርጋኒክ ቀለም ከፖሊቪኒል አልኮል ጋር በውኃ አሟሙቶ በብር መስታወት ላይ በስፒን ኮተር (በፍጥነት እያሽከረከረ ፈሳሹን በስሱ በሚያለብስ መሣሪያ) ማልበስ፣ ከዚያ በላዩ ስስ ብር መጨመር ነው። ውፍረቱን ግን አደራ። ካቪቲው ፊት ለፊት ሲታይ የሚያስተጋባው ሞገድ 650 ናኖሜትር ላይ ይሁን፤ ናሙናውን ስናዞር ወደ አጭሩ ሞገድ ስለሚሄድ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀለሙ ዘንድ ይደርሳል። ከመነሻው ከ590 ካነሰ ምንም ብናዞረው አይገናኙም። በትክክል ከተሠራ በሪፍሌክሽኑ (ናሙናው መልሶ በሚያንጸባርቀው ብርሃን) ላይ የካቪቲውና የቀለሙ ሁለት ሸለቆዎች እየተቀራረቡ መጥተው፣ አሁን ተሻገሩ ሲባል ሳይነካኩ ተመልሰው ይራራቃሉ። የፖላሪቶን፣ ማለትም የብርሃንና የቁስ ድብልቅ፣ ምልክቱ ይኸው ነው፤ በሃሎጅን መብራትና በትንሽ ስፔክትሮሜትር ይታያል።

የቁስ ሳይንስ ቡድን አባል፦
እስማማለሁ፤ ግን ሁለት ሸለቆ ስላየን ብቻ ጠንካራ ትስስር ነው ብንል ገምጋሚ አይቀበለንም። የራቢ ክፍተቱ ከመስመሮቹ (ከሸለቆዎቹ) ስፋት መብለጥ አለበት፤ ብር ደግሞ ራሱ ብርሃን ስለሚውጥ መስመሩን ያሰፋዋል። ስለዚህ የቀለሙን መጠን አራት እጥፍ ስናደርግ ክፍተቱ እጥፍ መሆኑን የሚያሳይ ተከታታይ ናሙና በዕቅዱ ይግባ። ቀለም የሌለበት ካቪቲና መስታወት የሌለበት ፊልምም ለማነጻጸሪያ ያስፈልጋሉ።

አስተባባሪ፦
ይግባ። የመጀመሪያው ዓመት በቀለሙ ይሁን፤ ጋሊየም አርሴናይዱን በሁለተኛው ዓመት ውጭ ካሉ አባሎቻችን ጋር በትብብር እናስገባዋለን። ብሩን በቫኩም ለማትነን ምን ያህል እንደሚያስወጣን የቁስ ሳይንስ ቡድን እስከ ረቡዕ ያሳውቀን።