ጎንደር ካርቦን ገለልተኛ እንድትሆን ምክር ቤቱ ከየት ይጀምር?

የማራኪ ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የጎንደር ከተማ ምክር ቤት ካርቦን ገለልተኛ ለመሆን፣ ማለትም ልቀቱን ቀንሶ የቀረውን ለማካካስ፣ ዕቅድ ያውጣ ቢባል፣ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡንና ጉልበቱን የት ላይ ቢያውል ይሻላል? የውጭ ከተሞች ዕቅድ ሲታይ አብዛኛው በሦስት ነገር ይጀምራል፤ በቢሮ ጣሪያ ላይ ሶላር፣ የመንገድ መብራትን በኤልኢዲ መተካት፣ ዛፍ መትከል። ይህ ለእኛ ከተማ ይሆናል ወይ? ሌላው የልቀት ቆጠራው ነገር ነው። ነዳጅ ኩፖን አለው፣ መብራት ቢል አለው። ማገዶ፣ ከሰልና ቆሻሻ ግን መዝገብ የላቸውም። የምታውቁ በሊትርና በኪሎ አስረዱን።

ናፍጣና ቆጣሪ

ሰላም። ከሁሉ በፊት የማን ልቀት እንደሚቆጠር ይለይ። የአስተዳደሩ ልቀት የሚባለው ከመኪኖቹ፣ ከጄኔሬተሮቹ፣ ከውሃ ፓምፖቹና ከቢሮዎቹ የሚወጣው ነው። የከተማው ልቀት ግን የነዋሪውን ምድጃ፣ ባጃጁን፣ ቆሻሻውን ሁሉ ይጨምራል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ማን ምን እንደቀነሰ አይታወቅም። በመጀመሪያው ዓመት የአስተዳደሩን በሰነድ፣ የከተማውን በናሙና መሥራት ይቻላል።

የነዳጁ ስሌት ቀላል ነው። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.68 ኪሎ፣ 1 ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ጥንቃቄ የሚሻው ኩፖኑ ነው፤ ኩፖን የወጣውን ነዳጅ እንጂ የተቃጠለውን አያሳይም። ከመኪናው ኪሎ ሜትርና ከጄኔሬተሩ የሰዓት ቆጣሪ ጋር ይመሳከር። ለመኪናና ለጄኔሬተር በአንድ ኩፖን የሚወጣ ከሆነም አስቀድሞ ይለያይ። መነሻ ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሁን፤ ሒሳብ የሚዘጋው በበጀት ዓመት ስለሆነ፣ በፈረንጆቹ ዓመት እቆጥራለሁ ያለ ሰው የሁለት ዓመት መዝገብ ሲሰነጥቅ ይከርማል።

ሶላሩን በተመለከተ፦ የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ፣ ከዋናው መስመር የተወሰደ 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚመዘገብበት ልቀት ለዜሮ የቀረበ ነው። በናፍጣ ጄኔሬተር የመጣ 1 ኪሎዋት ሰዓት ግን ከ0.3 እስከ 0.4 ሊትር ይበላል፤ ይህ ከ0.8 እስከ 1.1 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ሶላርና ባትሪ የሚገባው ጄኔሬተር በሚነሳበት ቦታ ነው፦ ጤና ጣቢያ፣ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ፣ የመረጃ (ሰርቨር) ክፍል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ሊቆይ የሚችል ቢሮ ተራውን ይጠብቅ።

የጄኔሬተሩ መጠንም ይፈተሽ። ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ሲሠራ የሚኖር ጄኔሬተር ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፤ ጭስ ማውጫው በጥቀርሻና ባልተቃጠለ ነዳጅ ይለወሳል፣ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚበላውም ይጨምራል። በትንሽ ጄኔሬተር መተካት ብቻ ለውጥ ያመጣል። የኤልኢዲው ለውጥ ቢል ይቀንሳል፣ መስመሩንም ያቀልለታል፤ ይሠራ። በካርቦን መዝገብ ላይ ግን ትልቅ ቁጥር አይጠበቅበት።

ብስባሽ

እኔ የምለው ቆሻሻው ይቅደም ነው። የሚበሰብስ ቆሻሻ አየር በሌለበት ሲከመር ሚቴን ይሰጣል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያሞቃል። በዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል መደበኛ ስሌት፣ 1 ቶን የምግብና የአትክልት ትርፍ ከ5 ሜትር በታች ጥልቀት ባለው ክፍት መጣያ ላይ ሲወድቅ በጊዜ ሂደት 20 ኪሎ ሚቴን ያወጣል፤ ይህ 560 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ክምሩ ከ5 ሜትር ካለፈ እጥፍ ይሆናል። ያው ቶን ኮምፖስት ቢደረግ በአግባቡ ከተያዘ 175 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ኮምፖስትም ከልቀት ነፃ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ በሪፖርት ላይ ዜሮ ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

መመዘኛ ከሌለ እንዲህ ይደረጋል። የእያንዳንዱ መኪና ሳጥን በሜትር ኩብ ይለካ፣ የምልልሱ ቁጥር በር ላይ ይመዝገብ። ክብደቱን ለማወቅ የታወቀ ይዘት ያለው በርሜል ያለ መርገጥ ተሞልቶ ይመዘን። ለዓይነቱ ደግሞ የመጣው ክምር ይደባለቅ፣ በአራት ይከፈል፣ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ ይያዙ፤ ወደ 100 ኪሎ እስኪወርድ ይደገምና በእጅ ይለይ። 8 ተከታታይ ቀን ተሠርቶ የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፣ የከረመ ቆሻሻ ስለሚቀላቀልበት። አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት መሠራት አለበት፤ የክረምቱ ቆሻሻ ውሃ ስለሚጠጣ የአንዱ ወቅት ክብደት ለዓመቱ አይሆንም።

መለየቱን ከቤት ለቤት አይጀምሩት። ቅዳሜ ገበያ ከአትክልት ተራው ይጀመር፤ እዚያ የሚወድቀው አስቀድሞ ንጹሕ ነው፣ ፌስታሉ ጥቂት ነው። ጎመንና ቲማቲም ብቻውን ከተከመረ ግን ይላቁጣል፣ ይሸታል። በይዘት ሲታሰብ ለ1 እጅ እርጥብ 2 እጅ ደረቅ፣ ማለትም የጤፍ ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ገረባ ይግባ። ክምሩ ቁመቱ 1.5 ሜትር ይሁን፤ ካነሰ አይሞቅም፣ ከበዛ መሃሉ አየር ያጣል። ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ለ15 ቀን ይቆይ፣ በዚያ ውስጥ ቢያንስ 5 ጊዜ ይገላበጥ። እርጥበቱን በእጅ ጨብጠው ይፈትኑ፤ ጠብታ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በብዛት አይግባ፣ ዘይቱ መበስበሱን ያዘገያል።

ምርጥ ምድጃ

ማገዶውም አይረሳ። በአገራችን ቤት ትልቁን ማገዶ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። 1 ቶን እንጨት ሲቃጠል 1.75 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ሆኖም ዛፉ ተመልሶ ከበቀለ ይህ አይቆጠርም። የሚቆጠረው የማይተካው ድርሻ ነው። በዚህ ላይ ድሮ ከ80 በመቶ በላይ ይወሰድ ነበር፣ አሁን የተጋነነ ነው ተብሎ ተተችቷል። በ30 በመቶ ያስሉ፤ አብረው ከሚወጡት አሙቂ ጋዞች፣ ከሚቴኑና ከናይትረስ ኦክሳይዱ ጋር ለ1 ቶን እንጨት 0.67 ቶን ይመጣል። ከሰል ይባስ ነው፤ በአፈር ጉድጓድ 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ይነድዳል። የሚከሰለው ከከተማው ወሰን ውጭ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከቆጠራ ይወጣል፤ ተጠቃሚው እዚህ ነውና መግባት አለበት።

ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ሲሚንቶው ከተቀረፀ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ ካልጠጣ በእሳት ይሰነጠቃል። ምጣዱ ከአፉ ካልገጠመ ደግሞ ነበልባሉ በክፍተቱ ይወጣና ቁጠባው ይጠፋል፤ ስለዚህ ምጣዱ አስቀድሞ ተለክቶ ይታዘዝ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለካርቦኑ ከሁሉ ይሻላል፣ መስመሩ ከቻለ። 3.5 ኪሎዋት የሚጎትት ምጣድ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ለብቻው የወጣ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። በ2.5 ሽቦ ከሌላ ሶኬት ጋር ሲያያዝ ሽቦው ይግላል። አንድ ሰፈር ሁሉ ዓርብ ማታ ከጋገረ ትራንስፎርመሩ ይወድቃል፤ የምክር ቤቱ ዕቅድ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጋር በትራንስፎርመር ደረጃ መነጋገር አለበት።

የማራኪ ነዋሪ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠቅማችሁኛል። ሁለት ነገር ቀረኝ። የቀረውን ልቀት በችግኝ ማካካስ ይቻላል? ኮምፖስቱስ በክረምት ዝናብ እንዴት ይሆናል?

ብስባሽ

ክረምቱን ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ አይሞክሩት። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘንብል፣ የሚወርደው ጭማቂ በጉድጓድ ተይዞ በበጋ ክምሩን ያጠጡበት። ጭድ ከሰኔ በፊት ገዝቶ በደረቅ ማከማቸት ግድ ነው፤ ሐምሌ ላይ ደረቅ ነገር ፍለጋ ከተገባ ክምሩ አልቆለታል።

ጽድና ወይራ

ማካካስ የመጨረሻው ነው። ካርቦን ገለልተኝነትን የሚመለከተው የ2023 ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 14068፣ መቀነስን አስቀድሞ የቀረውን ብቻ ማካካስ ይፈቅዳል። ቁጥሩም ይህን ያሳያል። የዛፍ ደረቅ ክብደት 47 በመቶው ካርቦን ነው፤ 10 ኪሎ ደረቅ ክብደት የደረሰ ዛፍ የያዘው 17 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው። 1,000 ሊትር ናፍጣን ለማካካስ እዚህ የደረሱ 155 ያህል ዛፎች ያስፈልጋሉ። የደረሱ እንጂ የተተከሉ አላልኩም።

ስለዚህ በሪፖርቱ የሚገባው የተተከለው ቁጥር ሳይሆን በጋውን ያለፈው ነው። ቆጠራው ግንቦት ላይ ይደረግ። ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከዝናቡ በፊት ይቆፈር፣ ተከላው መሬቱ ከራሰ በኋላ በሐምሌ የመጀመሪያ አጋማሽ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ይቀደድ። ከብት የሚገባበት ቦታ ሳይከለል ከተተከለ ገንዘቡ ይቅር። ጽድና ወይራ በችግኝ ጣቢያ አንድ ዓመት ገደማ ስለሚፈልጉ ዘሩ ካለፈው ዓመት ይለቀም፤ የደብሮቹ ቅጥር ጥሩ የዘር ምንጭ ነው፣ ከአስተዳዳሪዎቹ ፈቃድ ተጠይቆ። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ብቅ ለማለት እጅግ ይዘገያል።

ቦታው ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለው ተዳፋት ቢሆን እመርጣለሁ። ግድቡን ደለል እየሞላው ነው፤ እዚያ የጸደቀ ዛፍ አፈሩንም ይይዛል። ባሕር ዛፍ ግን ለአጠናና ለማገዶ ተቆርጦ ሲነድ የያዘው ካርቦን ስለሚመለስ፣ በማካካሻው ዝርዝር ውስጥ አታስገቡት።