ሲዲ ፎር 80፣ ሦስት ሳምንት የዘለቀ ተቅማጥ፣ ሰገራው ግን “ምንም አልተገኘም”

የወሎ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምናስታምማቸው ሰው ኤችአይቪ በደማቸው አለ፤ ሲዲ ፎራቸው (የበሽታ ተከላካይ ሴሎች ቁጥር) 80 ነው፣ ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት በቅርቡ ጀምረዋል። ተቅማጡ ውሃ ውሃ ነው፤ ደምም ትኩሳትም የለውም። ሜትሮኒዳዞል ጨርሰው ለውጥ የለም። የሚጠጡት ውሃ “ውሃ አጋር” (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) የተጨመረበት ነው። ቀጥሎ ምን እንጠይቅ?

ማይክሮስኮፕ፦
የታየው ተራው የሰገራ ምርመራ ነው። ሲዲ ፎር እንዲህ ሲወርድ ቀድመው የሚጠረጠሩት ክሪፕቶስፖሪዲየም (ክሪፕቶ) እና ሲስቶአይሶስፖራ የሚባሉ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን ደግሞ በእሱ በቀላሉ ያመልጣሉ። ሐኪሙ “ሞዲፋይድ አሲድ ፋስት” ብሎ ካላዘዘ ያንን ቀለም የሚቀባ የለም። በቀለሙ ክሪፕቶ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) የምትሆን ክብ ሮዝ ነጥብ ናት። እርሾ ትመስላለች፤ እርሾ ግን ቀዩን አይዝም። ሲስቶአይሶስፖራ ሞላላና ከ20 ማይክሮን በላይ ስለሆነ አያሳስትም። በየቀኑ ስለማይወጡ በተለያየ ቀን 3 ናሙና ይሰጥ።

የወሎ_ልጅ፦
ኮትሪሞክሳዞል በቀን አንድ ይወስዳሉ፤ አይበቃም?

ፋርማሲስት_ባሕር_ዳር፦
እሱ መከላከያ ነው። ሲስቶአይሶስፖራ ከተገኘ የተለመደው ሕክምና ይኸው ኮትሪሞክሳዞል 960 ሚ.ግ. በቀን 4 ጊዜ ለ10 ቀን ነው፤ ኩላሊት ታይቶ ሐኪም ያዘዋል፣ ራሳችሁ እንዳትጨምሩ። ለክሪፕቶ ግን አስተማማኝ ገዳይ መድኃኒት የለም፤ የሚያድነው የሲዲ ፎር ማገገም ነው። ስለዚህ “ሆዱን የበጠበጠው ኪኒኑ ነው” ብሎ የኤችአይቪውን መድኃኒት ማቋረጥ ትልቁ ስህተት ነው። አንታሲድ (የጨጓራ አሲድ ማርከሻ)፣ ብረት ወይም ዚንክ የሚወስዱ ከሆነ ዶሉቴግራቪር ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጥ፤ አለዚያ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል።

ውሃና_ጤና፦
ውሃ አጋር ለኮሌራና ለታይፎይድ ጥሩ ነው፤ ክሪፕቶን ግን ክሎሪን አይገድለውም። ውሃው ይፍላ። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ሰላጣና ጥሬ ሥጋ ለጊዜው ይቅር። ኦ አር ኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት) ሲበጠበጥ ፓኬቱ የስንት ሊትር እንደሆነ ይነበብ (ሁሉም የ1 ሊትር አይደለም)፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ተቅማጥ በወጣ ቁጥር ከ200 እስከ 400 ሚ.ሊ. ቀስ እያሉ ይጠጡ።

ማይክሮስኮፕ፦
ክብደት እየቀነሰ ከሆነ የቲቢ ምርመራም ይጠየቅ። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት ከጠፋ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ድንገተኛ ክፍል።