ጥቆማ፦ ሐይቅ ላይ በጀልባ ለሚወጣ ሰው ስልክ ይበቃል ወይስ ጋርሚን ይግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ቢሾፍቱ እንወርዳለን፤ አልፎ አልፎ ኮካና ባቱም እንደርሳለን። አሁን አንዱ ጓደኛችን ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ገዝቷል። አቅጣጫ ለማወቅ ስልክ ይበቃናል ወይስ ጋርሚን የሚባለውን በእጅ የሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ እንግዛ? የትኛው አፕስ ይሻላል? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የትኛው ውኃ ላይ እንደምትወጡ ለዩ። የቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ከሆነ ጂፒኤስ አያስፈልጋችሁም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማዶ ያለው ሎጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሆራም እንደዚያው ነው። እዚያ ለምትወጡበት ገንዘባችሁን ለደህና ላይፍ ጃኬት አውሉት። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ከዳር ትንሽ ራቅ ስትሉ እግር የሚያስረግጥ የለም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቅርብ ናቸው ብላችሁ ለገዳዲንና ገፈርሳን ደግሞ አታስቡ፤ የከተማችን የመጠጥ ውኃ ናቸው።

ኮካና ደንበል ግን ሌላ ነገር ነው። ደንበል፣ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንለው የባቱ ሐይቅ፣ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 9 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው። ስለዚህ በጠዋት ወጥታችሁ ቀትር ላይ ዳር ብትሆኑ ይሻላል። ኮካ አዋሽ ላይ የተሠራ ግድብ ነው። ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይሸሻል። ጉማሬም አዞም አለበት።

ከአፕስም ከጋርሚንም በፊት ይህን ያዝልኝ። ስልክህ ላይ ሰማያዊ ሆኖ የምታየው ሐይቅ አንድ ቀን ከተነሳ የሳተላይት ፎቶ ላይ የተሳለ ነው። ያ ቀን ክረምት ይሁን በጋ ካርታው አይነግርህም። አንተ ግንቦት ላይ ስትሄድ ካርታው ውኃ ነው ያለህ ቦታ ጭቃና ፊላ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። ጂፒኤሱ ሰማይ ክፍት ከሆነ ያለህበትን ቦታ በ5 ሜትር ልዩነት ይነግርሃል። ከጀልባዋ ሥር ምን እንዳለ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ወደ መነሻህ ለመመለስ ስትጫን የሚሰምርልህን ቀጥታ መስመር አትከተል። መስመሩ ደሴት ዳር ያለውን ደንገል፣ ጉማሬ የሚተኛበትን ጥግ፣ የተሸሸገ ድንጋይ ሁሉ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ስትሄድ ስልኩ ዱካህን ይመዝግብ፤ ስትመለስ በዚያው ዱካ ተመለስ። ጀልባዋ ጠዋት ያለፈችበት ውኃ ስትመለስም ያሳልፋታል።

ከሁሉ በላይ የምጠቁምህ ግን ሰው ነው። ባቱ ላይ ወደ ቱሉ ጉዶና ወደ ሌሎቹ ደሴቶች የሚያመላልሱ ጀልባ ነጂዎች አሉ። የመጀመሪያውን ጉዞ በእነሱ ጀልባ ሂዱ፤ ስልክህ ኪስህ ውስጥ ሆኖ ዱካ ይመዝግብ። ነጂው ያለምክንያት የሚጠመዝዝ ሲመስልህ ለምን እንደዞረ ጠይቀው። እዚያው ነጥብ ላይ ምልክት አድርግና ያለህን ጻፍበት፦ «ጥልቀት የለውም»፣ «መረብ አለ»፣ «ጉማሬ»። እንዲህ ያለ ካርታ መርካቶን ብታስሰው አታገኝም። ለነጂው የምትከፍለው ደግሞ ከጋርሚን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ወደ አፕሶቹ ስንመጣ፣ ለጀማሪ የምመርጠው ኦርጋኒክ ማፕስን ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታውን ቤት ዋይፋይ ላይ አውርደህ ትጨርሳለህ፣ ዱካም ይመዘግባል። ኦስማንድ ከእሱ የበለጠ ይሠራል፤ ፍጥነትህንና የቀረህን ርቀት ስክሪኑ ላይ ታወጣለህ። ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጉግል ማፕ እስከ ባቱ ድረስ በመኪና ያድርስህ፤ የሄድክበትን መስመር እየሳለ ስለማያሳይህ ውኃ ላይ ብዙም አይረባህም።

ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም የሚሉህን አትስማ። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ያስተላልፋሉ፤ ስልክህ ማዳመጥ ብቻ ነው ሥራው። ቢያንስ 4 ሳተላይት ካገኘ ቦታህን ያሰላል። ያለ ዳታ ግን መጀመሪያ ላይ ይዘገያል። ስለዚህ ገና ዳር ላይ ሳላችሁ ክፈተውና ነጥቧ እስክትረጋ ጠብቅ። ባትሪ ቆጣቢውንም አጥፋ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ስክሪኑ ሲጠፋ ዱካ መመዝገቡን ያቆሙብሃል፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ ለመመለስ ስትፈልግ ነው። ጀልባዋ ቆማ ሳለ ቀስቷ የምታሳይህን አቅጣጫም አትመን። የስልኩ ኮምፓስ ሞተርና ብረት አጠገብ ይሳሳታል። ትንሽ ስትንቀሳቀሱ ይስተካከላል።

ለስልኩ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ግዛ፤ ግን ቤት ውስጥ ፈትነው። ስልኩን አውጥተህ ሶፍት ክተትበትና ሳፋ ውኃ ውስጥ ድፈቀው። ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ክፈተው። ሶፍቱ ከረጠበ ለሻጩ መልስለት።

ከጋርሚን ሞዴሎች አንዱ የሆነው ኢትሬክስ አብዛኛው ዓይነቱ በ2 ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል፣ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ቁልፍ ስላለው በረጠበ ጣትም ይታዘዛል፤ ስልክ በዚያ ጊዜ እንቢ ይላል። ኮካና ደንበል የምታዘወትሩ ከሆነ ግዙ እላለሁ፤ ስልኩ ይመዝግብ፣ ጋርሚኑ ተጠባባቂ ይሁን። በዓመት አንዴ ለምትሄዱት ግን ስልክና ፓወር ባንክ ይበቃችኋል።

ሌላ ጥያቄ፦ እኔ አያት ነው የምኖረው። ባለቤቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ኮካ ይወጣል። የት እንዳለ ቤት ሆኜ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ የቴሌግራሙ ቀጥታ ሎኬሽን ዳታ እስካለ ድረስ ጥሩ ነው። ዳታ ሲቋረጥ ግን የምታይው የድሮውን ቦታ ነው። ኤስኤምኤስ በደካማ ኔትወርክም ሊያልፍ ስለሚችል በየሰዓቱ አፕሱ የሚያሳየውን የቦታውን ቁጥር (ኮኦርዲኔት) በመልእክት ይላክልሽ። አጻጻፉን ግን ቀድማችሁ ተስማሙ። ቢሾፍቱ ከምድር ወገብ በሰሜን 8 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ነች፤ 60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለሆነ ይህ በነጥብ ሲጻፍ 8.75 ነው። ቸኩሎ 8.45 ብሎ የላከ ሰው ፈላጊዎቹን 33 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይልካቸዋል። ሁልጊዜ በነጥብ ይጻፍ፣ ከአፕሱ ላይ ኮፒ ይደረግ፣ በእጅ አይጻፍ። የሚመለስበት ሰዓት ካለፈና ካልተገኘ አትጠብቂ፤ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቁጥሩን ታነቢላቸዋለሽ።

ሌላ ጥያቄ፦ ሰርቬየር ጓደኛዬ ያገለገለ ጋርሚን በቅናሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ ግዛው፤ ግን ከመክፈልህ በፊት ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ዳተም የሚለውን፣ ማለትም የቦታው ቁጥር የተመሠረተበትን ልኬት፣ እይ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ልኬት ስለተሠሩ ብዙ ባለሙያዎች መሣሪያቸውን በእሱ ያስተካክሉታል። የስልክ አፕሶች የሚጠቀሙት ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። በሁለቱ መካከል ከ100 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ከስልክህ የገለበጥከውን ቁጥር አዲንዳን ላይ ባለ ጋርሚን ብታስገባ፣ ማረፊያው እያለ ደንገል ውስጥ ይወስድሃል። ወደ 84ቱ ቀይረውና እዚያው ደጅ ላይ ከስልክህ ጋር አስተያየው። ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ክፈል። የባትሪ ማስቀመጫውንም ከፍተህ ዝገት እንደሌለበት እይ።