ማት (ላዩ የማያብለጨልጭ) ቁም ሳጥኔ ላይ አንድ ቦታ አብለጨለጨብኝ፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ማት ቁም ሳጥን አለኝ። የጣት አሻራ ሲይዝ ለጉድ ነው! እጀታው አጠገብ የተጠራቀመውን ቅባት እነዚያ ነጫጭ "አስማተኛ" በሚባሉት ስፖንጆች ፈተግ ፈተግ አደረግኩት። ቅባቱስ ለቀቀ። ግን መዳፍ የሚያክል ቦታ መስታወት መሰለ። ለካ ስፖንጁ እንደ ስስ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሞርደው፤ ብርሃኑን የሚበትነውን ጥቃቅን ሸካራነት አለስልሶታል።

ሌላውን አሁን ለብ ባለ ውሃ፣ በጠብታ የዕቃ ሳሙናና በማይክሮፋይበር ጨርቅ ሳልጫን እያጸዳሁ ወዲያው አደርቀዋለሁ። እሱ ደህና ነው። የቤት ዕቃ ማወልወያ እንዳልቀባ፣ ሰም ያለው ጭራሽ ያባብሰዋል ብዬ ፈራሁ።

ያብለጨለጨውን ቦታ መልሶ ማደብዘዝ ይቻላል? ወይስ በሩን ሙሉውን ማስቀባት ነው? ላዩ ቀለም ይሁን ላሚኔት (የተለጠፈ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን) በምን ልለየው?